ሰይፍ ይዞ ይቅርታ

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ወደ ቅዳሴ ስሄድ በልምምድ አዳራሻችን መስኮት መብራት አየሁ። ሌባ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቆየት ብዬ ሳስበው፣ በደሴታችን ሌባ ቢኖር እንኳ አሥራ አራት ሰው ያላበበትን ጓንት ሊሰርቅ በዚያ ብርድ አይነሳም። ተጠጋሁና በመስታወቱ አጮለቅሁ። ጋሼ ሐማሱና በባዶ እግራቸው ተንበርክከው ወለሉን ይዳብሳሉ። ቀኝ እጃቸው ላይ የሴት ስቶኪንግ አጥልቀዋል።

በሰው መፍረድ ኃጢአት ነው፤ ቢሆንም ለግማሽ ደቂቃ ያህል ፈረድኩ። ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላቸው ባለትዳር፣ የተከበሩ ጡረተኛ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ስቶኪንግ! ወዲያው ስቶኪንጉን ወለሉ አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረገው። ጋሼ ሐማሱና ጎንበስ ብለው ከኪሳቸው ወረንጦ አወጡ፤ ከጣውላው የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥር ነቀሉ፤ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረጉና ወደሚቀጥለው ጣውላ አለፉ። ለካ ዓይን የማያየውን ስንጥር ስቶኪንግ ያገኘዋል።

በዚያ ወለል ላይ እኛ በባዶ እግራችን እየተንሸራተትን ነው የምንለማመደው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ስንጥር ወግታኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ይህን ለእግሬ ቆዳ ጥንካሬ ሰጥቼው፣ አንዳንዴም በልቤ ኮራ ብዬበት ኖሬያለሁ። ኮቴዬን አጥፍቼ ሄድኩ። በቅዳሴው ሰዓት ግን ሐሳቤ ወደዚያ ስቶኪንግ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ።

በዓለም ላይ ሰው ተሰብስቦ መደባደብ በሚማርበት ቦታ ሁሉ አንድ ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። ቀድሞ ይመጣል፣ መጨረሻ ይወጣል፣ የተነገረውን ይሰማል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል። በሁሉም ነገር ጎበዝ ነው፤ ከመምታት በቀር። በደሴታችን ቤተ መጻሕፍት ስለ ሰይፍና ስለ ሰይፈኞች የተጻፈ ያላነበብኩት መጽሐፍ የለም ማለት እችላለሁ። በሁሉም ውስጥ ታዛዡ ተማሪ በመጨረሻው ገጽ ሁሉንም ያሸንፋል። ስለ ጋሼ ሐማሱና ግን አንዱም መጽሐፍ ትንፍሽ አላለም።

እኔና ጋሼ ሐማሱና ኬንዶ የጀመርነው በአንድ ወር ነው። ራስ ቁር ደፍተን፣ ጥሩር ታጥቀን፣ በቀርከሃ ሰይፍ እንመታታለን። እኔ በአርባ አንድ ዓመቴ ጀምሬ፣ እግዚአብሔር ይመስገንና፣ ዛሬ በማዕረግ ሁለተኛ ዳን ነኝ። ክቡርነታቸው ዛሬም ምንም ናቸው። ምንም ስል መናቄ አይደለም፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው እንዲያ ነው።

ትጋታቸውን ግን ማን ይደርስበታል? አስተማሪያችን የኔታ ሺራሃማ የሚናገሩትን ሁሉ በደብተር ይጽፋሉ። ሁሉን ስል ሁሉን ነው፤ «መስኮቱን ዝጉት» ያሉትም ከነቀኑ ተጽፏል። አሁን ሠላሳ አንደኛው ደብተር ላይ ደርሰዋል። የኔታ ደግሞ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ስለሆነ አንዳንዴ ያሉት ይጠፋቸዋል።

«ሐማሱና፣ ስለ ግራ እግር አንድ ነገር ብዬ ነበር። ምን ነበር?»

ገጹ ይገለጣል። «አሥረኛ ደብተር ላይ ነው የኔታ። ‹ግራ እግርህ ካንቀላፋ ቀኝ እግርህ ሕልም ያያል› ብለዋል።»

«ጥሩ ብያለሁ።»

«ከዚያ ቀጥሎ ‹ናጋሴ፣ አፍህን ዝጋ› ብለዋል።»

«እሱንም ጥሩ ብያለሁ።»

ናጋሴ ፀጉር አስተካካያችን ነው። ሱቁ ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ወደ እኛ የመጣበትም መንገድ ያው የጋሼ ሐማሱና ጉብዝና ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት፣ ልምምድ መሀል ላይ ሳለን፣ ምላጭ በእጁ እንደያዘ በሩን በርግዶ ገባ። ጫማውን ግን አውልቆ ነው የገባው፤ እኛ ዘንድ ቤት ሊያቃጥል የመጣ ሰው እንኳ ጫማውን ደጃፍ ያወልቃል። ጩኸታችን እጁን አስደንግጦት የደንበኛውን ጆሮ ሊቆርጥ እንደነበር እየማለ፣ ከየኔታ ጀምሮ እስከ እኔ ድረስ አንድም ሳያስቀር ሰደበን። ሲጨርስ ዞሮ ሊወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ጫማው ተወልውሎ፣ አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ፣ የጫማ ማንኪያ ከጎኑ ተቀምጦለታል።

«ይህን ያደረገው ማነው?»

«ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ሐማሱና።

«ለምን?»

«ሲወጡ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ልሳደብ ነው የመጣሁት!»

«አዎ፣ ሰምቼዎታለሁ። ሊዘንብ ስለሆነ ጃንጥላም አስቀምጬልዎታለሁ።»

ናጋሴ በማግስቱ ጃንጥላውን ሊመልስ መጥቶ በዚያው ቀረ። ዛሬ ሦስተኛ ዳን ነው። በየሳምንቱ የጋሼ ሐማሱናን ራስ የሚቀጠቅጠውም እሱ ነው። «እኚህ ሰውዬ» ይላል ናጋሴ፣ «መልአከ ሞት ሲመጣባቸው ‹ይቅደሙ፣ ይቅደሙ› ብለው በሩን ይይዙለታል።»

ታዲያ በሽታቸው ይኸው ነበር፤ ይቅርታ። ጋሼ ሐማሱና ሠላሳ ስምንት ዓመት የሠሩት በወደባችን የመንገደኛ ጀልባ ቢሮ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተናጋሪነት ነው። እዚህ ባሕር ላይ ጀልባ በሰዓቱ ከሚመጣ ዓሣ በዛፍ ላይ ቢገኝ ይቀላል። ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ «ክቡራን መንገደኞቻችን፣ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» ሲሉ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። ስለ ነፋሱ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ስለ ጭጋጉም ጠይቀዋል። አንድ ጊዜ ዓሣ ነባሪ መንገድ ዘግቶ ሲተኛ በዓሣ ነባሪው ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ሰው በጥሬ ገንዘብ ትኬት ገዝቶ ሦስት ሰዓት በብርድ ሲጠብቅ ሳይሳደብ የሚቆየው በእሳቸው ድምፅ ነበር።

በሰይፍ ግን እንዲህ አይሆንም። ኬንዶ ላይ የሚመቱትን ቦታ ስም እየጠሩ መጮህ ደንብ ነው። እኛ «ራስ!» ብለን እንመታለን። ጋሼ ሐማሱና ግን «ራስ!... ይቅርታ» ነው የሚሉት። ሲመቷቸው ያመሰግናሉ፣ ሲመቱ ይጸጸታሉ። ዋናው ችግር ደግሞ ሌላው ደንብ ላይ ነው፦ መታሁ ብሎ የፈነጠዘ፣ ወይም የተዘናጋ፣ ወይም ሰይፉን ያወረደ ሰው ምቱ እንዳልተመታ ይቆጠራል። ከምቱ በኋላም ሰይፍ ተቀስሮ፣ ልብ ነቅቶ መቆየት ግድ ነው።

«ሐማሱና!» ይጮሃሉ የኔታ። «ሰይፍ ይዘህ ነው እንግዳ የምትቀበለው?»

«ይቅርታ የኔታ።»

«ይቅርታ አትበል!»

«እሺ፣ ይቅርታ።»

በዚህ ምክንያት ለአንደኛ ዳን ስድስት ጊዜ ተፈትነው ስድስት ጊዜ ወደቁ። የአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሁላችንም ስም ተሰቅሏል። ዳን ያለው ሰው ስሙ በጥድ እንጨት ሰሌዳ ላይ፣ በየኔታ በራሳቸው ብሩሽ ይጻፋል፤ ዳን የሌለው በወረቀት ነው። የጋሼ ሐማሱና ወረቀት ከግራ መጨረሻ፣ ከመጥረጊያው በላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተሰቅሎ የሻይ ቀለም ይዟል። ከእሳቸው በኋላ የመጣ ሁሉ ሦስት ወር ወረቀት ሆኖ ይሰነብትና እንጨት ሆኖ ወደ ቀኝ ያልፋል። በእያንዳንዱ እንጨት ከሁላችን ቀድመው የሚያጨበጭቡት እሳቸው ናቸው።

በዘንድሮው የጃፓን አዲስ ዓመት፣ በጥር የመጀመሪያ ልምምድ ላይ የኔታ ሺራሃማ ተነሥተው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «አያችሁት?» አሉ። «የሚያዝያን ሰሌዳዎች እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ የማኅተም ሱቁ ማሽን ይጽፍላችሁ። እኔ በቃኝ።»

እኔ ወደ ጋሼ ሐማሱና ዞርኩ። ደብተራቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል፤ እርሳሱም በእጃቸው ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የኔታ ያሉትን ሳይጽፉት ቀሩ።

ያን ቀን ወደ ቤት አብረን ሄድን። ስለ አየሩ፣ ስለ ደረቅ ዓሣ ዋጋ፣ ስለ ባለቤታቸው ጉልበት ካወራን በኋላ የኔ ቤት ማጠፊያ ላይ ቆሙ።

«ወይዘሮ ሱሚኤ፣ ስሜን መጀመሪያ የጻፉልኝ እሳቸው እኮ ናቸው።»

«የኔታ?»

«አንደኛ ክፍል የገባሁ ዕለት። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ፊደል አያውቅም። የኔታ ያኔ አዲስ አስተማሪ ነበሩ፣ ፀጉራቸው ጥቁር። ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ስሜን ጻፉልኝና ‹በላዩ ላይ ሂድበት› አሉኝ።» ሳቅ አሉ። «ይኸው ስድሳ ዓመት በላዩ ላይ እሄድበታለሁ። በማሽን እንዳይጻፍ ብዬ ነው እንጂ፣ ዳኑስ ባይኖረኝም ግድ የለኝም። ይቅርታ፣ በብርድ አቆምኩዎት።»

በማግስቱ ይህን ለናጋሴ ነገርኩት። ሚስጥር ነው አላሉኝም ነበር፤ ቢሉኝም እንኳ ለመልካም ነገር ነው። ናጋሴ ምላጩን አስቀምጦ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ያየሁት ያኔና ጥርሱን ያስነቀለ ዕለት ብቻ ነው። ከዚያም «የመጋቢቱን ፈተና ያልፋሉ፤ ባያልፉ እኔ ፀጉሬን እላጫለሁ» አለ። ራሱ መላጣ ነው፤ ስለዚህ ስለቱ ብዙ አላስጨነቀውም።

ሕክምናው በናጋሴ መሪነት ተጀመረ። ለአንድ ይቅርታ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ። የመጀመሪያው ቀን ጋሼ ሐማሱና ሁለት መቶ አርባ ጊዜ ተቀምጠው ተነሡ፤ ስለተንቋቋው ጉልበታቸውም ወለሉን ይቅርታ ጠየቁ፤ ለዚያም አሥር ተጨመረባቸው። እኔ በየማለዳው ራሴን እየሰጠኋቸው ይመቱኛል። «ራስ!» ይሉና ከንፈራቸው «ይ» ላይ ሲደርስ ናጋሴ ከዳር ይጮሃል።

«ጋሼ! ዋጧት!»

ይውጧታል። ፊታቸው በርበሬ ይመስላል። በሁለተኛው ሳምንት የቀን ይቅርታቸው ወደ አሥራ አንድ ወረደ። በየካቲት ሦስት ሆነ። በፈተናው ዋዜማ ዜሮ! ናጋሴ ዘለለ። እኔ በዚያ ምሽት ሻማ አበራሁ። ለሰይፍ ፈተና ሻማ ይበራል ወይ የሚል ካለ፣ ለእጅ ነው ያበራሁት፤ ለየኔታ እጅ።

በመጋቢት መጀመሪያ እኔ፣ ናጋሴ፣ ጋሼ ሐማሱናና የኔታ በጀልባ ወደ ናጋሳኪ ከተማ ተሻገርን። የኔታ ከዘራ ይዘው መጡ። የፈተናው አዳራሽ ሰፊ ነው፤ አምስት ፈታኞች በአንድ ጠረጴዛ ተደርድረዋል። ጋሼ ሐማሱና የደረሳቸው ባለጋራ ትከሻው የማቀዝቀዣ ሣጥን የሚያህል፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው የዓሣ ገበያ ሰው ነበር።

ጥቂት ዞሩ። ሰውየው አንድ እርምጃ ገባ። በዚህ ጊዜ የሆነውን አሁንም ስናገር ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ጋሼ ሐማሱና ሳያስቡ፣ ሳይቸኩሉ፣ ባሕር እንደሚነሣ ተነሡ። «ራስ!» የሰውየው ቁር እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ጮኸ። ናጋሴ ክንዴን ጨምቆ ሊሰብረኝ ነበር። ከአምስቱ ፈታኞች ሦስቱ ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ። አሁን የቀረው መዞር፣ ሰይፍ መቀሰር፣ ዝም ማለት ብቻ ነው።

ጋሼ ሐማሱና ዞሩ። ሰይፋቸውን ቀሰሩ። ዝም አሉ። አንድ፣ ሁለት... ሰውየው በቁሩ ላይ እጁን አደረገ።

«ይቅርታ! አመመዎት?»

ሰይፉ ወረደ፤ ወገባቸው ታጠፈ። ይህ ሳያንስ ያ የተባረከ ሰውዬ፣ በደንብ ያደገ ነዋ፣ «ኧረ ምንም አይደል! ግሩም ምት ነበር፣ አመሰግናለሁ!» ብሎ እሱም ጎንበስ አለ። በጣም ተቀራርበው ስለነበር ሁለቱ ቁሮች ተጋጩ። ጋሼ ሐማሱና ለግጭቱም ይቅርታ ጠየቁ፤ ሰውየውም ጠየቀ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው አምስቱን ፈታኞች ይቅርታ ጠየቁ። አንደኛው ፈታኝ ወረቀቱን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይርገፈገፍ ነበር።

ውጤት ሲለጠፍ የሁለቱም ቁጥር የለም። ጋሼ ሐማሱና የራሳቸውን ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የፈለጉት። የዚያን ሰውዬ ቁጥር ግን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ፈለጉት።

የመመለሻው ጀልባ በማዕበል ዘገየ። እንደተለመደው በማጉያው ወጣት ድምፅ መጣና ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼ ሐማሱና ወደ ባሕሩ እያዩ «ቸኮለ» አሉ። «‹ከልብ› ካለ በኋላ ትንፋሽ መውሰድ ነበረበት።»

የኔታ ሺራሃማ የሩዝ ኳሳቸውን ሲያላምጡ ቆይተው ዋጡና፦

«ሐማሱና፣ ምቱን አየኸው?»

«የቱን የኔታ?»

«ያንተን ነዋ!»

«ይቅርታ የኔታ፣ ሰውየው እንዳይጎዳ ሳይ አመለጠኝ።»

«በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ምት አራት ጊዜ ነው ያየሁት። ሦስቱን የመቱት ሰዎች ይቅርታ አልጠየቁም።» ከጣታቸው ላይ የሩዝ ፍሬ ለቀሙ። «ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። ግን ሰይፋቸውን ሳያወርዱ።»

ጋሼ ሐማሱና ደብተራቸውን አወጡና ጻፉት። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ብዙ ቆየ።

ሚያዝያ ደረሰ። የኔታ አዲሶቹን ሰሌዳዎች ይዘው መጡ። በሌላ ቀን ተፈትነው ዘንድሮ ያለፉት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱ ተሰቀሉ፤ አጨበጨብን። ጋሼ ሐማሱና አስቀድመው አጨበጨቡ። ከዚያ የኔታ ከጉያቸው ሦስተኛ ሰሌዳ አወጡ፤ ከአንደኛ ዳኖቹ ተርታ መጨረሻ ላይ ሰቀሉት፤ ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙረው። የሚታየን ባዶ እንጨት ነው።

«ሐማሱና፣ ያንተ ነው» አሉ። «አንድ ቀን ማለዳ እጄ እሺ አለኝና ጻፍኩት። ስታልፍ ራስህ ትገለብጠዋለህ። የሚቀጥለው ፈተና ነሐሴ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ መገልበጡን ሳላይ የትም የምሄድ አይደለሁም። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው!»

ጋሼ ሐማሱና ግንባራቸው ወለሉን እስኪነካ ሰገዱ። ወለሉ ላይ ምንም ስንጥር እንደሌለ ከእሳቸው ሌላ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማንም እንዳይነካው ተባለ፤ ሁሉም ነካው። ናጋሴ አንድ ሰዓት አልታገሠም። እኔ እሑድን ጠበቅሁ፤ ከቅዳሴ መልስ፣ ማንም በሌለበት፣ በሁለት ጣት አንሥቼ አየሁት። በኋላም ተጸጽቼ ለአባ ተናዘዝኩ። አባ እስክጨርስ ሰሙኝና «ጽሕፈቱ እንዴት ነው?» አሉኝ። የመጀመሪያው ፊደል በማዕበል ውስጥ እንዳለ ጀልባ ይወዛወዛል፤ የመጨረሻው ግን ወደብ እንደገባ ነው፣ ንቅንቅ አይልም።

ያላየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ ሐማሱና በየቀኑ የሁላችንንም ሰሌዳ በጨርቅ ከፊትም ከኋላም ይወለውላሉ። የራሳቸው ጋ ሲደርሱ ባዶውን በኩል ብቻ ጠረግ አድርገው ያልፋሉ።

«ጋሼ፣ ሰው አይደሉም እንዴ?» ይላል ናጋሴ። «ነፋስ ቢገለብጠውስ?»

«ነፋስ ሲኖር ቀድሜ መጥቼ መስኮቱን እዘጋለሁ።»

እኔም አንዳንድ ማለዳ በመስኮቱ በኩል ሳልፍ፣ ሲዘጉ አያለሁ። መጽሐፎቼ ውስጥ ያሉት ጎበዝ ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ላይ ቢመጡ፣ የእኔን ራስ እንዲመቱ የምፈቅደው ለእኚህ ሰው ብቻ ነው።

ያለፈው እሑድ ከልምምድ በኋላ ጫማዬን ላደርግ ጎንበስ ስል አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ጫማዬ እንደ ወትሮው ወደ መውጫው ዞሯል።

«ወይዘሮ ሱሚኤ፣ ይቅርታ። አንድ ነገር ልለምንዎት?»

አወቅሁት፤ ሰሌዳው ላይ ምን እንደተጻፈ ሊጠይቁኝ ነው። ማየቴን ነቅተውብኛል ማለት ነው። ልንገራቸው? የየኔታን ቃል ላፍርስ? ስለዚያ የመጨረሻ ፊደል ብቻ ብነግራቸውስ? ለአባ ደግሞ ሁለተኛ እናዘዛለሁ ብዬ ቆረጥኩና «ይጠይቁኝ ጋሼ» አልኩ።

ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ናጋሴ ራቅ ብሎ ይስቃል። ጆሯቸው ቀላ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«አሮጌ ስቶኪንግ ይኖርዎታል?»

የጫማ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀና አልኩ።

«የባለቤቴ አልቆ ነው። እሷ አሁን ሱሪ ብቻ ሆናለች። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ ለክፉ አይደለም። የኔታ ሰሞኑን ግራ እግራቸውን መጎተት ጀምረዋል፤ አይተዋል? እኛ እግራችንን እናነሣለን፤ እግሩን የሚጎትት ሰው ግን...» አላቋረጥኳቸውም፤ እሳቸው ግን እንዳቋረጥኳቸው ሁሉ ቆሙና እንደገና ጀመሩ። «የተቀደደም ቢሆን ይሆናል። ሁለት ቢገኝ ደግሞ፣ እስከ ነሐሴ ወለሉን ሁለቴ እዞረው ነበር። ለናጋሴ ግን አይንገሩብኝ፤ ይቅርታ።»